ከበሮውስ የማን ነው?

ሺቡያ ሰፈር ዳገቱ ላይ ወዳለችው የሙዚቃ ሸክላ ሱቃችን መጋቢት በመጣ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ብቅ ይላሉ። ግራጫ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። ከከረጢታቸው የመቃብር ድንጋይ የሚታጠብበት ብሩሽ ይታያል፤ መቃብር አጥበው ሲመለሱ ነው መሰል ሁሌም እርጥብ ነው። የሚያዳምጡት አንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ ወጣቶቹ የሚሻሙበት፣ የአንድ ሟች የሂፕሆፕ ሙዚቃ አቀናባሪ ሥራ።

ዘንድሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣ «ፒያኖውን የተጫወተው እሱ ነው?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ ከድሮ የጃዝ ሸክላ ላይ ድምፁን ቆርጦ የወሰደው ነው።»

«ከበሮውስ?»

«እሱም ከሌላ ሸክላ ነው። የሂፕሆፕ አቀናባሪዎች ሥራ እንደዚያ ነው፤ እየቆረጡ መቀጠል።»

«ታዲያ ልጁ የቱ ጋ ነው ያለው?»

 ሸክላውን ከመጀመሪያው ደገምኩላቸው። ሙዚቃው አልቆ መርፌው ባዶውን ሲንሿሿም፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ያዳምጡ ነበር።