በሁለት ዙር የጨረስኩት ጨዋታ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። እስካሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ድሬዳዋ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው አክባሪ ይለኛል። እኔ ግን ያን እሁድ ባስታወስኩ ቁጥር፣ ብቻዬን ሆኜ እንኳ፣ ፊቴ ይግላል።

ጎረቤታችን አዴር ሮብሌ ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው ሽማግሌ ናቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ብሎ ነው የሚጠራቸው። በወጣትነታቸው ከዚራ ሰፈር በነበረው የባቡር ሠራተኞች ክበብ የቴኒስ ሜዳ ጠባቂ ነበሩ። አፈሩን ይደለድላሉ፣ መሥመሩን በኖራ ያሰምራሉ፣ ነጥብ ይይዛሉ። ቴኒስን ከፈረንሳዮች ስለተማሩ እስከ ዛሬ ነጥብ የሚቆጥሩት በፈረንሳይኛ ነው። በየዓመቱ እንግሊዝ አገር ሣር ላይ የሚካሄደውን ትልቅ ውድድር፣ በተለይ የወንዶቹን የነጠላ ፍጻሜ፣ እንደ ዒድ ነው የሚጠብቁት።

ባለፈው ዓመት ግን ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ልጃቸው ሂንዳ ያን እሁድ ገጠር ዋሂል ለቅሶ መድረስ ነበረባትና ጠራችኝ።

«ሰሚር፣ አንተ እንግሊዝኛ ትሰማለህ። እስኪያልቅ አባቴ አጠገብ ቁጭ ብለህ ጨዋታውን ንገርልኝ። አደራ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ።

በእንግሊዝኛዬ ሳልጠየቅ የምጎርር ሰው ነኝ። ስለ ቴኒስ ምንም እንደማላውቅ መናገር አፈርኩና «ችግር የለም» አልኳት።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን፤ ጨዋታው ተጀመረ። አንዱ ተጫዋች ዕድሜው የገፋ ነው፣ ሌላው ገና ልጅ። አዴር የትልቁ ደጋፊ ናቸው። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነብላቸዋለሁ። «አሥራ አምስት» ስል «ካንዝ» ይላሉ፣ «ሠላሳ» ስል «ትራንት»። አንድ ዙር ሲያልቅ ከሳህኑ የቴምር ፍሬ አንስተው ጉልበታቸው አጠገብ ያስቀምጣሉ።

«መሥመሩ ጋ ሣሩ ተልጦ አፈር ወጥቷል አይደል?» አሉኝ በመሀል።

አየሁ፤ እውነትም ተልጧል። እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው።

«ሁለት ሳምንት ተሮጦበት? አቦ! ምን ይቀረዋል?» ብለው ሳቁ።

ደስ ብሏቸው ነበር። የእኔ ልብ ግን ከዚራ ነው ያለው። ጓደኞቼ ጫታቸውን ይዘው ተሰብስበዋል፤ ስልኬ በየደቂቃው ይጮኻል። ትልቁ ተጫዋች ሁለተኛውንም ዙር ሲያሸንፍ ትዕግሥቴ አለቀ። ከአንድ ቀን በፊት ሱቄ ውስጥ የሴቶቹን ፍጻሜ በጨረፍታ አይቼ ነበር፤ ሁለት ዙር ያሸነፈችው ዋንጫውን አነሳች። ይሄም እዚህ ላይ አለቀ ብል ማን ያውቅብኛል አልኩ። ተጫዋቾቹ ግን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ውኃ እየጠጡ ነበር፤ ዋንጫም የለ፣ ምንም የለ። እያየሁ ነው የዋሸሁት።

«አዴር፣ እንኳን ደስ አለዎት! የእርስዎ ሰው አሸነፈ።»

«አለቀ?»

«ዋላሂ፣ አለቀ።»

በአላህ ስም ማልኩ። ድምፁ እንዳያጋልጠኝም ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። አዴር በጣታቸው ሁለቱን የቴምር ፍሬዎች ነካ ነካ አደረጉ።

«ሃዬ፣ እሺ። አላህ ይስጥህ ልጄ። ሂድ በቃ» አሉኝ።

እሄዳለሁ አላልኳቸውም ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ደቻቱ ድልድይ ጋ ስደርስ፣ ለጓደኞቼ መጣሁ ልበል ብዬ ኪሴን ብዳብስ ስልኬ የለም። ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አዴር ሮብሌ ተንበርክከው፣ በሁለት እጃቸው የቴሌቪዥኑን ጎን ይዳብሳሉ። መክፈቻውን እየፈለጉ ነበር።

«ማነው? ሰሚር?» አሉ።

ሄጄ ከፈትኩላቸው። የኳሷ ድምፅ ሲሰማ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሦስተኛው ዙር ስንት ደረሰ?» አሉኝ።

በወንዶቹ ፍጻሜ ሦስት ዙር ያላሸነፈ ዋንጫ እንደማይነካ እኔ ከመወለዴ በፊት ያውቁ ነበር። ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር።

እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። አምስት ዙር ሄደ፤ ልጁ አሸነፈ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ «ጎበዝ ነው፣ ይገባዋል» አሉ። ወዲያው ሂንዳ መጣችና አባቷ አስቸግረውኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መልስ ሳልሰጥ አዴር ቀደሙኝ።

«ምን ያስቸግራል? ንቅንቅ ሳይል አብሮኝ ዋለ።»

ለእኔ ሲሉ ዋሹ። ሂንዳ ደግሞ ምርቃቱን አወረደችብኝ፤ አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።

ዘንድሮ ፍጻሜው ሲደርስ ማንም ሳይጠራኝ፣ ስልኬን ቤት ትቼ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር። ዓመት ሙሉ ቃሉን ተለማምጄ፣ ደርሼ ያልኳቸው ግን «ጨዋታው ሊጀመር ነው» ብቻ ነው። አዴር የቴምሩን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ክንዴን ያዙኝ።

«ሰሚር፣ ዛሬም አምስት ዙር ሊሄድ ይችላል። ጉዳይ ካለህ ሂድ፣ አልቀየምህም። ቴሌቪዥኑን ብቻ አታጥፋብኝ» አሉ።

እሺ አልኳቸው። ከአጠገባቸው ሳልነሳ ነጥቡን አነብላቸው ጀመር። አሁንም አፍራለሁ፣ በቃ።