ወፍጮ ለጠየቁ ዱቄት

ክልሉ አዲስ ነበር። ማኅተሙ አዲስ፣ ቢሮው ግን አሮጌ፤ ወንበር ከጎረቤት መሥሪያ ቤት እየተዋስን የምንሰበሰብበት ጊዜ ነው። እኔ ከነቀምት መጥቼ አሶሳ ላይ ለማኅበራት ገንዘብ በሚሰጥ አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቀጠርኩ። ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። ሥራዬ ጠያቂዎችን ተቀብሎ ኮሚቴው ፊት ማቅረብ ነበር።

ደንባችን ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነበር እላለሁ። አማርኛ መጻፍ ለብዙዎቹ ስለሚከብዳቸው ማመልከቻ አንጠይቅም፤ ጠያቂው ራሱ ገብቶ በአፉ ይናገራል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። በዚህ ደንብ እኮራ ነበር፤ ለመጣ ለሄደው ሁሉ አወራለሁ። የረሳነው ደረጃውን ነው። የተከራየነው ቤት ምስጥ ተፈርቶ መሠረቱ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ወደ በረንዳው የሚያወጣው የሲሚንቶ ደረጃ ለእኔ ለጎረምሳው እንኳ ጉልበት ይፈትናል። መደገፊያ የሚባል ነገር የለውም።

አንድ የሐምሌ ጠዋት የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ተወካይ መጡ። እናቴን የሚያህሉ፣ አማርኛቸው ስብርብር ያለ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናቸው። እግራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለማይታዘዝላቸው መዳፋቸውን ሸበጥ ውስጥ አስገብተው በእጃቸው ነው የሚሄዱት። ከገበያው እስከ እኛ ድረስ በዚያ ጭቃ መጥተው ደረጃው ሥር ቆሙ። ዛሬ «እሳቸው» እያልኩ ስጽፍ ያምርብኛል። ያን ቀን «አንቺ» ነበር ያልኳቸው። በእግራቸው ቆመው የመጡ ሴት ቢሆኑ ኖሮ አልደፍራቸውም ነበር።

ከወሎ በሠፈራ የመጣው ዘበኛችን ደግ ሰው ነው፤ «ምን ችግር አለው፣ እኔ ተሸክሜ አወጣታለሁ» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

«የለም፣ ወንድ አይሸከም» አሉ። «እኔ እንደ ጆንያ አይገባም።» ከዚያ ግቢው ውስጥ ያለውን ማንጎ በአገጫቸው አሳዩኝ። «እነሱ ይውጣ። ዝናብ አቁሟል። ማንጎ አለ።»

ልክ ነበሩ። በዚያ አገር እርቁም የጋብቻ ንግግሩም የሚያልቀው ዛፍ ሥር ነው። እኛው ራሳችን መንደር ስንወርድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ማንጎ ሥር ተቀምጠን «እንዴት ያለ ባህል ነው!» እያልን እናደንቃለን። ከተማ ስንመለስ ግን ስብሰባ ማለት ጠረጴዛ ነው። ውስጥ ደግሞ ኮሚቴው ተሰብስቧል፤ ከአዲስ አበባው ዋና ቢሮ የመጡ ትልቅ አለቃም በእንግድነት አሉ። ገብቼ «ወንበር ይዘን እንውጣ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቅጥሩ ያልጸና ልጅ አለቃውን ከመቀመጫው አስነሳ እንዳልባል ፈራሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

«አንቺ እዚሁ ቆዪ፤ እኔ እናገርልሻለሁ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። «እሺ። ወፍጮ በላቸው» አሉ። «ሰው እህል ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ ወደ ሰው እጅ አይዘረጋም።» ወፍጮውን ማን እንደሚያንቀሳቅስ፣ ማን እንደሚመዝን፣ ነዳጅ ከየት እንደሚመጣ ሊያስረዱኝ ሲጀምሩ «ገባኝ፣ ገባኝ» እያልኩ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ።

እንግዳው የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር። «ወፍጮውን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ይችላሉ ወይ?» መልሱ ታች ጭቃ ላይ ተቀምጧል። ወርጄ ልጠይቅ ማለት አፈርኩና የማውቀውን ማውራት ያዝኩ፤ የማውቀው ሸበጡን ነው። ሴትዮዋ በእጃቸው ጭቃ ለጭቃ እንዴት እንደመጡ፣ ዘበኛው ሊሸከማቸው እንዴት እንደተነሳ ተረክሁ። እንዲህ አፌ ይጣፍጣል ብዬ አላውቅም ነበር፤ የሰው አንጀት በላሁ። እንግዳው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ወፍጮው «ለጊዜው ይቆይ» ተባለና ለማኅበሩ አባላት በአስቸኳይ ብርድ ልብስና የስንዴ ዱቄት እንዲሰጥ ተወሰነ። ወፍጮ ለጠየቁ ሰዎች ዱቄት! የነገሩ አስቂኝነት ለማናችንም አልታየንም። እኔ ጭራሽ ደስ ብሎኝ ነው የወረድኩት።

«ምን አልካቸው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አጎንብሰው የሸበጣቸውን ጭቃ በጣታቸው ሲፍቁ ቆዩና «ይሄ ሰደቃ ነው» አሉ። «ሰደቃ ገበያም አለ።»

አልቀበልም ቢሉ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ተቀበሉ። ሐምሌ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚበሉ አፎች አሉ። ፀፀት የሚባለው ነገር የጀመረኝ ዱቄቱ ሲከፋፈል ቆሜ ሳይ ነው፤ ሁሉም እያመሰገነኝ ያልፋል፣ እኔ ግን ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ቅጥሬ ሲጸና እንደ ካሳ ቆጥሬው ከደረጃው ጎን ተዳፋት መውጫ እንዲሠራ ወተወትኩ፤ ተሠራም። የአካል ጉዳተኛ ግን ድጋሚ ወደ እኛ ቢሮ አልመጣም። ምን ሊያደርግ ይመጣል? በተዳፋቱ የምንጠቀመው እኛ ነበርን፤ ማታ ማታ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ሳይክል እየገፋን የምናስገባው በእሱ ነው።

ቆይቶ አንድ ነጋዴ ገበያው አጠገብ ወፍጮ ተከለ። የማኅበሩ አባላት ደጃፉ ላይ ተደርድረው ከሚያስፈጨው ሰው እፍኝ እፍኝ ዱቄት መለመን ጀመሩ። በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ ዙሪያ ጥምጥም እሄድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን የማስፈጭበት ሌላ ቦታ ስላልነበረ በቆሎዬን ተሸክሜ ሄድኩ። ሴትዮዋ ደጁ ላይ ናቸው፤ ሳህናቸው ፊት ለፊታቸው። ወረፋው በር ድረስ ደርሷል።

አወቁኝ። ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

«አንተ እዚህ ቁጭ በል» አሉኝ። «እኔ ይናገርልሃል።»

የወፍጮ ቤቱ መግቢያ ደረጃ የለውም። እጃቸውን ሸበጥ ውስጥ አስገብተው ወደ ፈጪው ሊሄዱ ተነሱና፣ የረሱት ነገር እንዳለ ሁሉ ዞር አሉ።

«ሻካራ ነው? ደቃቅ ነው? ለምንድነው የሚፈልግ?»

ለገንፎ መሆኑን ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰምተውኝ ገቡ።