የብርሃነሽ ጥርስ የወሰደው

ብርሃነሽ ከአስኮ እስከ ቡራዩ በእግሯ እየሮጠች መጣች። ታክሲ የለም፤ ተማሪው በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ጉዳይ ለተቃውሞ ወጥቶ መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘግቷል። ተኩስም አለ ብለዋታል። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። አስኮ ያለው የጥርስ ሐኪም የፊት ጥርሷን ለሽፋን ሞርዶ፣ «ሽፋኑ በሳምንቱ ይደርሳል» ብሎ እንዲሁ ስለለቀቃት፣ ነፋስ በነካው ቁጥር እስከ አናቷ ይጠዘጥዛታል።

ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክር በጥርሷ ስትበጥስ ኖረች። ሟች ባሏ ዲሪርሳ፣ «መቀሱን ለጌጥ ነው የገዛሽው?» እያለ ይስቅባት ነበር። ባለፈው ፋሲካ የፊት ጥርሷ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ፊት አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምታወራው፤ ሳቅማ ጭራሽ ተወች።

የጥርሱ ሽፋን ሦስት ሺህ ብር ነው ሲሏት፣ «ሁለት በግ አፌ ውስጥ ላሳድር ነው?» ብላ ተመልሳ ነበር። ልጇ ሁንዴ ግን ስልኩን ሸጦ የጎደለውን ሞላላት።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ አንቺ ብቻ ሳቂልኝ፤ ስልክ ይደርሳል» አላት።

ሰፈር ስትደርስ ጎረቤቷ ራቢአ በር ላይ ቆማለች። ብርሃነሽ አፏን በነጠላ ይዛ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስትሮጥ ስታይ ደረቷን መታች።

«ወይኔ ሁንዴ! ወይኔ ልጄን!»

ሴቶቹ ከየቤቱ ወጡ። አንዷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

ብርሃነሽ ባለችበት ደረቀች። «ማን ነገረሽ? ራቢአ፣ ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሻ! አፍሽን ይዘሽ ስትመጪ ጊዜ…»

«ጥርሴን እኮ ነው! ጥርሴን አሞኝ ነው!»

አንዷ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፈነችው።

«ታዲያ ልጄ የታለ?» አለች ብርሃነሽ።

ራቢአ፣ «ረፋዱ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ከታ ሰፈር ሲወርድ አይቼዋለሁ» አለች። «እስቲ ደው…» ብላ ጀመረችና ምላሷን ነከሰች።

«በምኑ ያነሳል?» አለች ብርሃነሽ። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «ይኸው፣ ስልኩ እዚህ ነው።»

ሲመሽም ሁንዴ አልመጣም፤ ሴቶቹም አልሄዱም። ለቅሶ እንዳይባል የሞተ የለም፤ ሂዱ እንዳትላቸው ብቻዋን መቅረት ፈራች። ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ትጠይቅ፣ ሆስፒታል ትዙር፣ ወይስ ቤቷ ቁጭ ብላ ትጠብቀው፣ አታውቅም።