የሄርሜሊንዳ የሰሌን ባርኔጣ

በከተማችን በሲግሲግ የሴት እግር መንገድ ሲሄድ እጇ ሰሌን ይጎነጉናል። አበልጄ ሄርሜሊንዳ ኢዬስካስም ጥርሷን የነቀለችው በዚሁ ሥራ ነው። የሠራችውን ደህና ደህናውን ባርኔጣ ግን ነጋዴ ወስዶት፣ እሷ ሻካራውን ስታደርግ ኖረች። የመጨረሻ ልጇን፣ የእኔን የክርስትና ልጅ ናርሲሳን ስትድር፣ «እንግዲህ አንዱን ለራሴ» አለች።

ፀሐይ ከወጣ ሰሌኑ ስለሚሰበር ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ደጃፏ ላይ ጣቶቿን ውሃ እየነከረች ትቀመጥ ነበር። ከአንዱ ክረምት እስከ ቀጣዩ ፈጀባት። ሲያልቅ ውሃ ቢሞሉበት ጠብ አይልም ነበር።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባሏ አርሴኒዮ ክፉ ሰው አይደለም። ባርኔጣውን የሚያነሣው ግን አናቱን ቆንጥጦ ነው፣ ዶሮ በአንገቷ እንደሚያንጠለጥል ሰው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠርዙን በሁለት እጅህ ያዝ አላልኩህም? አናቱ ከታጠፈ ይሰነጠቃል።»

«ባርኔጣ እኮ ነው፣ እንቁላል አደረግሽው።»

«እንቁላልማ ቢሰበር ጠብሼ አበላህ ነበር።»

ናርሲሳ ደግሞ አንድ ቀን ለእንግዳ ያምራል ብላ ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀለችው። ምስማሩ አናቱን ወግቶ አጎበጠው። ሄርሜሊንዳ ከሰዓቱን ሙሉ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እያለሰለሰች በአውራ ጣቷ ስታቃናው ዋለች። በሳምንቱ አማቿ የሞተር ብስክሌት ቆቡን ላዩ ላይ ጭኖበት ተገኘ። እሷም ያንኑ ትነግራቸዋለች፣ እነሱም «እሺ» ይላሉ። «እሺ» ማለት ምንም አይከብዳቸውም።

በነሐሴ፣ በእኛ አገር ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት ወር፣ ኩዌንካ ከተማ ያለችው እህቷ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሄርሜሊንዳ ልታስታምማት ከመሄዷ በፊት ቤተሰቡን ሰበሰበች።

«ሣጥኑ ላይ በአናቱ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ። በጠርዙ ካስቀመጣችሁት ይጣመማል። ስስ ጨርቅ ጣል አድርጌበታለሁ፣ አየር ያግኝ። ነፋሱ እንዳያደርቀው አጠገቡ በሳህን ውሃ አድርጉለት። ሌላ ምንም አታድርጉ።»

«ምንም አናደርግም» አለ አርሴኒዮ። ከልቡ ነበር ያለው።

ግን የእመቤታችን በዓል ቀረበ። በዚያ ዓመት በዑደቱ ላይ ሰንደቁን እንድትይዝ የተመረጠችው ሄርሜሊንዳ ነበረች። አርሴኒዮ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ባርኔጣው ትንሽ ወይቧል። ሊያስደስታት አሰበ። በእኛ አገር ባርኔጣ የሚነጣው በድኝ ጭስ ነው፤ በሣንቃ ሣጥን ውስጥ ታጥኖ ቶሎ ይወጣል። አርሴኒዮ ግን ጭሱ በበዛ ቁጥር ይበልጥ ይነጣል ብሎ ድኙ ሲያልቅ ሌላ ጨመረበት። ከዚያ አጥቦ ምድጃ ዳር አደረቀው። አቧራ እንዳይነካው ደግሞ በፌስታል ጥርቅም አድርጎ አሰረው።

በዓሉ ነገ ሊሆን ዛሬ ገባች። እኔም እንኳን ደህና መጣሽ ልል ዳቦ ይዤ ሄጄ ነበር። ፌስታሉን ስትፈታው ባርኔጣው እንደ ኖራ ነጥቷል። እንደ ልማዷ ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ አነሣችው። የደረቀ ዳቦ ሲቆረስ እንደሚሰማው ድምፅ ሰማሁ። አናቱ ከፊት ለፊት ተተርትሮ ነበር።

«ምን አደረግከው?»

«ለበዓሉ ነጭ እንዲሆንልሽ ብዬ...»

«ምንም አታድርጉ ብያችሁ ነበር። ምንም ማለት ምን ማለት ነው፣ አርሴኒዮ?»

አርሴኒዮ ፌስታሉን ማጣጠፍ ጀመረ።

«የጠየቅኩህ እኮ አለማድረግን ነው። ሥራ እንኳ አይደለም» አለችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር።

ባርኔጣ አዳሹ ዶን ኤቬሊዮ ዘንድ አብረን ሄድን። ወደ ብርሃን አዙሮ አየውና፣ «መስፋቱን እሰፋዋለሁ። ግን ሰሌኑ ሞቷል፤ ከሰፋሁት አጠገብ ይቀደዳል» አላት። ተቀብላው ወጣች።

በማግስቱ እኔም ጎረቤቶቿም የየራሳችንን ባርኔጣ ብንሰጣት አንዱንም አልነካችም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስትደርስ ግን ዞር ብላ አርሴኒዮ ለናርሲሳ ሠርግ ያሠራውን ቡናማ የሱፍ ባርኔጣ ከራሱ ላይ አነሣችና አደረገችው።

«አንተ ባዶ ራስህን ሂድ» አለችው።

ሰንደቁን ይዛ ከፊት ሄደች። እሱ በራ ራሱ ፀሐይ ላይ ቲማቲም እስኪመስል ከኋላ ተከተላት።

«አርሴኒዮ፣ ባርኔጣህን የት ጣልከው?» አለው አንዱ ወዳጁ።

«ተወረስኩ።»

ሰው ሳቀ። እሷ ዞራ አላየችም።

ከበዓሉ በኋላ ንዴቷ የሚበርድ መስሎኝ ነበር። አርሴኒዮ ሊክስ ብሎ ሰሌን ገዛ፤ ይባስ ብሎ ራሱ ሰነጠቀው። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። «ይሄ ለበግ ነው የሚሆነው» ብላ የተረፈውን እንደገና ሰነጠቀችና ሥራ ጀመረች። ነገር ግን ዓይኗ በቀድሞው ባርኔጣ ደክሞ የአናቱን መሐል መለየት አቅቶት ነበር። መነሻውን እኔን አስጀመረችኝ። ጨርሼ ስሰጣት በጣቷ ዳሰሰችው።

«ላላ» አለችና ፈታችው።

ሁለተኛውንም ፈታችው። ሦስተኛውን ዳስሳ ገለባበጠችው። «ያንቺም ዓይን ከኔ አይሻል፣ አበልጅ» ብላ ተቀበለችኝ።

አዲሱ ባርኔጣ ለፋሲካ ደረሰ። ጥሩ ባርኔጣ ነው፤ ያየው ሁሉ ያመሰግነዋል። እሷ ግን ከቀድሞው እንደማይደርስ ታውቃለች፤ ስታደርገው ፊቷ ላይ ይታያል።

አርሴኒዮማ ሁለተኛ ላይነካው ማለ። ባለፈው ሳምንት እቤታቸው ሳለሁ ከመኝታ ቤት ተጣራ።

«ሄርሜሊንዳ፣ ሸሚዝ ላወጣ ነው። ነይ ባርኔጣሽን ከሣጥኑ ላይ አንሺልኝ።»

እጇ ሊጥ ነበር። ታጠበች፣ አደራረቀች፣ ገብታ አነሣችለትና ተመለሰች።

«ድሮ ያበላሽብኝ ነበር» አለችኝ ሊጡን እንደገና እየያዘች፤ «አሁን ደግሞ ሸሚዝ በቀየረ ቁጥር ሥራ ያስፈታኛል።»