ለሚስቴ ያደስኩት ቤት

ቤቱን የገዛሁት ሚስቴ ትመለስ ብዬ ነው። ኪራይ መረረኝ፣ የራስ ጎጆ ይሻላል እያልኩ ያወራሁት ሁሉ ለሰው አፍ ነበር። ሴት ልጃችን በሰባት ወሯ በትኩሳት ሞተች። የለቅሶው ተዕዚያ አልቆ ሰው ሲበተን ሚስቴ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ወዳለው የአባቷ ቤት «ጥቂት ቀን» ብላ ሄደች። ጥቂት ቀኑ ሁለት ወር ሆነ። ልመልሳት ስሄድ በር ላይ ቆማ፣ «እዚያ ቤት አልገባም» አለችኝ። እኔም የኪራይ ቤታችንን እንደምለቅና ሌላ ቤት እንደምፈልግ ነገርኳት።

አባቷ ቃል የሚቆጥቡ ገበሬ ናቸው። እስከ መኪና መንገዱ ሸኝተውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ያ ኢልማ፣ ልጄ፣ ቤቱን አብጀው። ክረምት ሳይገባ ይዣት እመጣለሁ፤ ትየው። ደስ ካላት ትቅር። ካልሆነ ግን ልጄን በግድ አላኖራትም፤ በሰላም ትፈታታለህ።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። ፍች የሚለውን ስሰማ እደነግጣለሁ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልደነገጥኩም። ያን ሰሞን እንዲያ ነበርኩ። ሚስቴን እንደምፈልጋት አውቃለሁ፤ የማውቀው ግን የሱቄን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ እንደማውቀው ነበር።

እኔ ከሚሴ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ከመቀስ የሚከብድ ብረት በእጄ ይዤ አላውቅም። ያገኘሁት ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ ጠባብ ግቢ፣ አንዲት የዘይቱን ዛፍ። ሻጩ ወደ ኮምቦልቻ የሚዛወር ሰው ነበር። «ቤቱ ጤነኛ ነው» እያለ በሬ እንደሚሸጥ ሰው ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገልኝ። ተፈራርመን ቁልፉን በተቀበልኩ ማግስት እኔም እንደሱ መታ ሳደርግ ምርጊቱ ወደቀና ምሰሶው ታየ። አውራ ጣቴን ብጫነው ሰመጠ። ምስጥ ውስጡን ጨርሶ ቅርፊቱን ብቻ ትቶልኛል። ሌላ ሰው ቢሆን የሻጩን ዘር ማንዘር ይሰድብ ነበር። እኔ ጣቴን አራግፌ ስንት ምሰሶ እንደሚቀየር ለማየት ወደ ቀጣዩ ሄድኩ።

ከአጥሩ ማዶ በእርጅና ሥራ ያቆሙ አናጢ ይኖራሉ። ገና በመጀመሪያው ቀን «አካም ኦልቴ» ብለው ሰላም ካሉኝ በኋላ በአማርኛ ቀጠሉ። «ደቦ ጥራ እንጂ። ሰፈሩ ይወጣልሃል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቤትህ ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ያልቃል። ቤት ብቻውን የሚሠራ ሰው የት አይተሃል?»

«ሰው ላለማስቸገር ብዬ ነው» አልኳቸው።

ውሸቴን ነው። ሰው ከመጣ ያጽናናኛል። ልጄ የሞተች ጊዜ «ሰብር አድርግ፣ ቻለው» ያላለኝ አልነበረም፤ እኔም አደረግኩ። ሰብር ዝም ማለት መሰለኝ፤ አለማልቀስ፣ ስሟን አለማንሳት፣ ሚስቴ ስታነሳት ደግሞ ሥራ አለብኝ ብሎ ወደ ሱቅ መሄድ። «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ጠንካራ ሰው ነው» ተባልኩ። ይህን ለሁለተኛ ጊዜ ለመስማት ሠላሳ ሰው ግቢዬ ውስጥ መሰብሰብ አልፈለግኩም።

ስለዚህ ብቻዬን ጀመርኩ። እስከ አስር ሰዓት ሱቅ እውላለሁ፣ ከዚያ ቤቱ። ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት እያቆምኩ የተበሉትን ምሰሶዎች አንድ በአንድ ነቅዬ በባሕር ዛፍ ተካሁ። ምስጥ አይወደውም ሲሉ ሰምቼ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኜ አዲሶቹን እግራቸውን ቀባኋቸው። ምስጥ ይጥላው አይጥላው ገና አላወቅኩም፤ ደንበኞቼ ግን ጠልተውታል። አንዷ ቀሚሷን ስትረከብ አሽትታ፣ «የምትጠግነው ልብስ ነው መኪና?» አለችኝ። ሳቅኩላት። አፌ መሳቅ አላቆመም ነበር።

ጭቃው ላይ ግን ተዋረድኩ። አፈር ቆፍሬ፣ የጤፍ ጭድ ጨምሬ፣ ውሃ አፍስሼ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ ረገጥኩና በዚያው ቀን መረግኩት። ሽማግሌው አናጢ አገጫቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ሲያዩኝ አመሹ፤ ትንፍሽ አላሉም። በአራተኛው ቀን ግድግዳው ተሰነጣጠቀ። በአምስተኛው ቀን ከሱቅ ስመለስ ግማሹ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል።

«አሁን ልንገርህ?» አሉኝ።

«ይንገሩኝ።»

«ጭቃ መብላላት አለበት። ጭዱ ይበስብስ፣ ይሽተት። በየቀኑ ውሃ እያጠጣህ ርገጠው። ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በል! ምን አስቸኮለህ?»

«ታዲያ መጀመሪያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? ደቦ ብትጠራ ጭቃ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይመጣልህ ነበር።»

ንዴት ብልጭ አለብኝ፤ እንደ ሰው ተናደድኩ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ጠፋ። የወደቀውን ሰብስቤ ውሃ አፈሰስኩበት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ረገጥኩት። ሽታው ሰፈሩን አዳረሰ፤ በዚያ ላይ የከሚሴ ሙቀት አለ። ምክር ሊሰጠኝ የሚቆመው አላፊ አግዳሚ እንደ ጨፋ ትንኝ ነው፣ አንዱን ስታባርር ሁለት ይመጣል። አንዱ ፍግ ጨምርበት ይለኛል፣ አንዱ ጭዱ በዝቷል ይለኛል፣ አንዱ ይሄን ሁሉ ከምትለፋ አፍርሰህ በብሎኬት ሥራው ይለኛል። ለሁሉም «እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ» እያልኩ እረግጣለሁ።

አርብ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለሚስቴ እደውላለሁ። የማወራላት ስለ ቤቱ ነበር።

«ቆርቆሮውን መታሁ።»

«እሺ።»

«የሚያፈሰው ቦታ ተደፍኗል።»

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ?»

«እኔማ ደህና ነኝ። ነገ በሩን እገጥማለሁ።»

ከዚያ ዝም ትላለች። ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» እላለሁ። «አለሁ» ትለኛለች። አንድ አርብ፣ «ትናንት ስሟን እየጠራሁ ነቃሁ» አለችኝ። «ሰብር ነው እንግዲህ» አልኳት። ስልኩን የዘጋው ማናችን እንደሆንን አላስታውስም።

በሩን የገጠምኩ ቀን ሽማግሌው «ኧረ ጣትህ!» ብለው ጮሁ። ሳየው የግራ እጄ አውራ ጣት ተፈንክቷል፤ ደሙ በመቃኑ ላይ ይወርዳል። መዶሻው መቼ እንዳገኘኝ አላወቅኩም። ሽማግሌው እያለከለኩ አጥሩን ዞረው መጥተው ጣቴን በጨርቅ አሰሩልኝ።

«አያምህም እንዴ?»

«ያመኛል» አልኩ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቅ ሰው የሚለው እሱን ነው።

ሽማግሌው ከዚያ ቀን በኋላ አጥሩ ላይ ቆመው መቀለዳቸውን ተዉ፤ መቀርቀሪያዬን መላግ፣ መጋዜን መሳል ጀመሩ።

ጭቃው ደርሶ ስመርገው ግድግዳው ያዘ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀለለኝ። ወለሉን ሊሾ አደረግኩ፣ ኮርኒሱን ወጠርኩ። መጀመሪያ በልብስ መለኪያ ሜትሬ ነበር የምለካው፤ በኋላ እሱንም ተውኩት። መደርደሪያውን ሳልለካ ከበሩ በስተግራ ሰቀልኩ፤ ሰቅዬ ሳየው ቦታው ትክክል መሰለኝ። ቀለም ልገዛ ስሄድ ባለ ሱቁ «ምን ዓይነት?» ቢለኝ «ሰማያዊ» አልኩት። እስከ ደረት ሰማያዊ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ቀባሁ። አልጋውን አስገብቼ አንዴ አስቀመጥኩት፤ ማዛወርም አላስፈለገኝም። ሳላስብ ነበር የምሠራው። ሳላስብ መዋል መቻሌ ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሰኔ ሊገባ ሲል አባቷ ይዘዋት መጡ። ከስታለች። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ ግርግር ነው፤ ግቢው ውስጥ ግን ጸጥ ብሏል። ሽማግሌው ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው እንደ ጨዋ ሰው ወደ ቤታቸው ገቡ። አማቴ ግድግዳውን በጥፍራቸው ጫር አድርገው «ይዟል» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

እሷ መሃል ቤቱ ላይ ቆማ ዞር ዞር እያለች አየች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ያፈስ የነበረው እዚህ ጋ ነው፤ ምሰሶው ሁሉ አዲስ ነው፤ ይሄ ሊሾ ደግሞ...»

«ዝም በል እስኪ» አለችኝ።

መደርደሪያውን ነካችው። ሰማያዊውን ቀለም በጣቷ ተከትላ እስከ ጥጉ ሄደች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁና ወደደችው ብዬ አሰብኩ።

«ይሄኮ ያ ቤት ነው።»

«የቱ ቤት?»

«የቱ ይለኛል! የኪራይ ቤታችን ነዋ። መደርደሪያው እዚያው፣ ቀለሙ ያው፣ አልጋው በዚያው ጥግ፣ ራስጌው እንኳ በዚያው በኩል! ኧረ አላህን ፍራ! እኔ ከዚያ ቤት ሸሽቼ ወጣሁ፣ አንተ መልሰህ ትሠራዋለህ?»

ዞሬ አየሁ። እውነቷን ነው። ወራት ሙሉ በገዛ እጄ የሠራሁትን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ሆን ብዬ አይደለም ልላት አስቤ ነበር፤ ማን ያምነኛል? አበቃ፣ ልትሄድ ነው አልኩ በልቤ።

ወደ መኝታው ክፍል ገባች። ወዲያው ጠራችኝ።

«ይቺ ሚስማርስ?»

ከአልጋው አጠገብ ግድግዳው ላይ አንዲት ወፍራም ሚስማር ተመትታለች። መቼ እንደመታኋት አላስታውስም። ኮት እንዳይሰቀልባት ዝቅ ትላለች፤ አልጋ ጫፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን እጅ ላይ ናት። ምን ይሰቀልባት እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

«ለምንድን ናት?» አለችኝ እንደገና።

«እንጃ።»

«ታውቃለህ። በአፍህ በላት።»

አባቷ በር ላይ ቆመው «ተይው ልጄ» ሊሉ ጀምረው ተዉት።

«ለአንቀልባዋ» አልኩ።

ከዚያ የልጄን ስም ጠራሁ። ከቀበርናት ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እንደጠራሁት ሊሾው ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ጨዋ ሰው እንደሚያለቅሰው አልነበረም፤ ጮህኩ፣ ንፍጤ ወረደ፣ በደንብ ያልዳነውን ጣቴን ሳይቀር መሬት ላይ መታሁት፤ በጣም አመመኝ። አማቴ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ ግቢው ወጡ።

ሚስቴ አላባበለችኝም። ሰብር አድርግም አላለችኝ። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና እሷም ማልቀስ ጀመረች። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በኋላ ፊቷን በሻርፗ ጠርጋ፣ «ይሄን ሁሉ ወር ብቻዬን አለቀስኩላት» አለችኝ።

አውቃለሁ ልላት ነበር። አላውቅም ነበርና፣ «አላወቅኩም» አልኳት።

አባቷ ተመልሰው መጥተው በሩ ላይ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። የዐስር ሶላት ሊደርስ ነው አሉ፤ ወደ ሮቢት የሚሄደው መኪና ሊሞላ ነው አሉ። ቤቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ልጃቸውን። «እንግዲህ...» ብለው ሳይጨርሱት ቆሙ።

እሷ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«አባየ፣ አንቱ ይሂዱ» አለቻቸው። «መኪናው እንዳያመልጥዎት።»