የንጉሴ ድርሻ

መርሳ ላይ የሻረግን የማያውቅ የለም። መኪና መንገዱ ዳር ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ትቸረችራለች፤ ጠባይዋ ከላምባው ይብሳል፣ ቶሎ ይቀጣጠላል። ከሁሉ በላይ የምትታወቀው ግን ለባሏ ባለማልቀሷ ነው። ሾፌሩ ንጉሴ የደርግ ጦር ከተማውን ለቆ ሲወጣ፣ መኪናዬን ላሽሽ ብሎ እንደወጣ ቀረ። መኪናው በኋላ ተገኘ፣ እሱ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። መንግሥት ተለወጠ፤ የእድር ሰዎች ለቅሶ ተቀመጪ ብለው ለመኗት። እሷ ግን ሬሳውን ሳላይ ጥቁር አልለብስም አለች። ይልቁንም ማታ ማታ የንጉሴን የራት ድርሻ በሰሃን ከድና በሩ አጠገብ ታስቀምጥለታለች፤ ጠዋት እንደተከደነ ታነሳዋለች።

ጅብ አጥሯን ሲደፍርባት ጊዜ ከሲሪንቃ አንድ ቡችላ አመጣች። ስሙን ማንያውቃል አለችው፤ ባልሽ ሞቷል ለሚሏት ጎረቤቶች መልስ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ያደረው የንጉሴ ድርሻ ጠዋት ጠዋት የቡችላው ሆነ። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ድርሻው በርበሬና ሽንኩርት የበዛበት ሽሮ ነው፤ ንጉሴ የሚወደው እንዲያ ነበር።

ቡችላው ግን አልፋፋ አለ። ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። የሚያስፈራው ግን ሌላ ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ፣ ሰሃኑ በሩ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ባዶውን ደጃፍ እያየ ጭራውን ይቆላል። ከዚያ ሰው እንደሚከተል ሁሉ ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ይሄዳል። አፉ አፈር ለብሶ ይመለስና በሩ ሥር ተኝቶ አንድ ጥቁር ነገር ያላምጣል። ልትቀማው ስትጠጋ ይውጠዋል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይሄ የንጉሴን እየበላ አንድ ቀን እንኳ ጮኾ አያውቅም።

አንድ ቀን ቡችላው መነሳት አቃተው። ጎረቤቷ አብዱልሐሊም ሥጋ ሻጭ ነው፤ በሱቁ ደጃፍ ብዙ ቡችሎች ሲያድጉም ሲሞቱም አይቷል። አስጠራችው። የቡችላው ምራቅ እንዳይነካው ጋቢውን ሰብስቦ ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለና ምን እንደምታበላው ጠየቃት። ነገረችው።

“እህቴ የሻረግ፣ በርበሬውና ሽንኩርቱ አንጀቱን እየላጠው ነው” አላት። “ቡችላ ሲርበውም፣ ጥርሱ ሲያሳክከውም ያገኘውን ያኝካል፤ የዋጠው ደግሞ አልፈጭ ይለዋል። ይሄን ሰሃን ተይው።”

“ሰሃኑ የንጉሴ ነው” አለችው።

“አውቃለሁ። እየሞተ ያለው ግን ቡችላው ነው።”

ሰሃኑን መተው ንጉሴን በገዛ እጇ መቅበር መስሎ ታያት። አብዱልሐሊም አብሽሪ ብሏት ሄደና ቅመም ያልነካው የሥጋ መረቅ ይዞላት መጣ። ጾም ነው፣ ሥጋውም የሙስሊም ነውና ወደ ድስቷ አላስገባችውም፤ ከደጅ በጣሳ አሞቀችው። ቡችላው ጥቂት ጥቂት ላሰ። ሲመሽ እጇ እንደ ልማዱ ሰሃኑን አነሳ። ቡችላው አንገቱን ቀና አድርጎ አያት። ሰሃኑን መልሳ ደፋችው። የዚያን ምሽት በሩ አጠገብ ምንም አልነበረም፤ ቡችላውም ወደ ደጃፉ አላየም።

ጠዋት አስመለሰው። ከአረፋው መሐል የቆዳ ቁርጥራጭ ነበረበት። በእንጨት ስትገለብጠው ሰማያዊ ክር አየች፤ የማዳበሪያ ጆንያ ክር ነው። የንጉሴ ቀበቶ ሲተረተር ሌላ ክር አጥታ በዚያ የሰፋችለት እሷ ናት። ቋጠሮውም የእጇ ነው።

ዶማ አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች። ከቁልቋሉ ሥር ወታደሮች ቆፍረውት የሄዱት፣ ተንዶ አፈር የሞላው ምሽግ አለ። ቡችላው እየተንገዳገደ ቀደማትና እዚያው ተኛ። መቆፈር ስትጀምር ድምፁን ሰምቶ የመጣው አብዱልሐሊም ዶማውን ተቀብሏት ቆፈረ፤ ከአፈሩ ሥር አጥንትና የቀበቶው ትራፊ ወጣ። ንጉሴ ያን ቀን ተኩሱ ሲበረታ መኪናውን ትቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመልሶ ምሽጉ ውስጥ ተጠልሎ ኖሯል፤ አፈሩ ተንዶበታል። እሷ በፊት በር ስትጠብቀው እሱ ጓሮዋ ውስጥ ነበር።

ድንኳን ተተከለ፤ የሻረግ ያን ሁሉ ጊዜ ያመቀችውን እንባ ደረቷን እየደቃች አወረደችው። ለቅሶው አልፎ ቤቱ ጭር ሲል፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ የንጉሴን ሰሃን አውጥታ በርበሬ ያልነካው የገብስ ገንፎ በመረቅ አቅጥና አደረገችበት። ቡችላው ፊት አስቀመጠችው።

“ብላ” አለችው፤ “ያንተ ድርሻ ነው።”

ማንያውቃል በልቶ ጨረሰ፣ ሰሃኑንም ላሰው። ከዚያ ወደ ደጃፉ ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ።