ጉደታና የቆቃ ምሽት

ጉደታ ዕድሜውን ሙሉ ጨለማ ሲያባርር የኖረ ኤሌክትሪሺያን ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሳለ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነበር። በአምስተኛው የአብዮት በዓል ዋዜማ ናዝሬት ውስጥ ለሚከፈት ትንሽ ሙዚየም ገመድ እንዲዘረጋ ተላከና፣ ጉድ በሉ፣ እዚያ ከጨለማ ጋር ታረቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳራሹ ጥግ ላይ ቆቃ ሐይቅ በትልቅ ሸራ ተሥሏል፤ ከፊቱ እውነተኛ ደንገልና የዓሣ መረብ ቆሟል። ጉደታ ደግሞ ያደገው ቆቃ ዳር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ኮረብታው ቀድሞ እንደሚጠቁር፣ ውሃው ግን ብርሃኑን አልለቅም ብሎ እንደሚቆይ ያውቃል። ያንን ሰዓት ይወደዋል። ስለዚህ መስኮቶቹን ጋረደ፤ አምፑሎቹን በዱቄት ወተት ጣሳ ከቶ ከደንገሉ ኋላ ዝቅ አድርጎ ደበቀ፤ የጣሳዎቹን አፍ በቀይና በቢጫ ሴሎፎን ሸፈነ። ሴሎፎኑ ሁለቴ ተቃጠለበት።

"አንተ ሰውዬ፣ ቆቃ እኮ እዚሁ ቅርባችን ናት። አውቶቡስ ተሳፍረህ አታያትም?" እያለች ሚስቱ ፀሐይቱ ትስቅበት ነበር።

የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ካሣ ግን አልሳቀም።

"ጓድ ጉደታ፣ ሕዝቡ የሚመጣው ሊያይ ነው፤ ይሄ ግን ዳፍንት ነው! ፍሎረሰንት መብራቱ ተዘጋጅቷል። ጎብኚ ካጉረመረመ ከሰዓት በኋላ ይሰቀላል።"

በሩ የተከፈተው ረፋድ ላይ ነው፤ ደጁ በፀሐይ ይነዳል። ጓድ ካሣ እጁን አጣምሮ በሩ አጠገብ ቆመ። ጉደታም አጠገቡ ቆመ። መጀመሪያ የገቡት ከወለንጪቲ ለገበያ የመጡት እማማ ዲንቄ ናቸው። ሐይቁ ፊት ቆሙ። ከዚያ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉ፤ ነፋሱ የመጣባቸው ይመስል።

"ውይ፣ መሸብኝ እኮ! ጥጆቼም አልገቡ" አሉና ወደ በሩ ሲዞሩ ሁለቱን ወንዶች አዩ። "እንደምን አመሻችሁ ልጆቼ?"

ጓድ ካሣ ቆቡን አወለቀ።

"እግዚአብሔር ይመስገን! እንደምን አመሹ እማማ?"

ከዚያ ከአፉ የወጣውን ራሱ ሰማው። ካድሬ፣ ያውም በአብዮት በዓል! ደንግጦ ግራ ቀኙን ቃኘ። ጉደታ ሳቁን በመዳፉ አፈነ።

"መብራቱን እንዳትነካው" አለው ጓድ ካሣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።